የእንሥራ መንገድ

ሰንበሌጥ ከአንጓ ወንዝ በላይ፣ ተራራው እንደ መደብ ሰፋ ብሎ በተቀመጠበት ቦታ ላይ የተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ናት። መኪና የሚሄድባት አንድ አውራ ጎዳና ቢኖራትም ሰዎቿ ወደ ገበያም ሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ትምህርት ቤትም ሆነ ወደ ወንዝ የሚመላለሱት በእግር መንገዶቿ ነው። መንገዶቹ ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተጠማዘዙ፣ ገደሉን እየታከኩ፣ በየዛፉ ጥላ ሥር እያለፉ ይወርዳሉ፤ ሽማግሌም ነፍሰ ጡርም ሳያለከልክ ይወጣባቸዋል። ከሁሉም ቀዳሚው ከወንዙ እስከ ገበያው የሚደርሰው ሲሆን ስሙ የእንሥራ መንገድ ይባላል። በየዓመቱ ኅዳር ዐሥራ አንድ፣ በሚካኤል ዋዜማ፣ አንዲት ሴት እስከ አፉ ውሃ የሞላ እንሥራ ያለ ክዳን አዝላ ይህን መንገድ ከታች እስከ ላይ ትወጣዋለች፤ ከተማው ከኋላዋ ይከተላል፤ ውሃ የፈሰሰበት ቦታ ሁሉ ምልክት ተደርጎበት በዚያው ቀን ይጠገናል። እንግዳ ሰው ሲያየው ስለት ወይም ጠበል ይመስለዋል። የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ነገሩ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ የመጣ ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው ያን ጊዜ መኪናም ስልክም ወደዚያ አገር አልገቡም ነበር፤ ሰንበሌጥ የምትታወቀው በቅዳሜ ገበያዋ ብቻ ነበር። ነጋዴዎች ከቆላው ጨውና ማር፣ ጥጥና በርበሬ ጭነው እስከ አንጓ ወንዝ ይመጡና ከዚያ ላይ በቅሎዎቻቸው አልወጣ ስለሚሏቸው ጭነቱን አራግፈው በሰው ትከሻ ያስወጡ ነበር። ዳገቱ በበጋ ጉልበት ይጨርሳል፣ በክረምት ደግሞ ሰው ያንሸራትታል። ስለዚህ የአገሩ ምስለኔ ባላምባራስ ዘለቀ፣ በሌላ አገር ድልድይና ቤተ ክርስቲያን የሠራ ጸዳሉ የሚባል ግንበኛ አስመጥተው መንገድ አሠሩ። ጸዳሉ ከወንዙ እስከ ገበያው ገመድ ወጥሮ፣ ቀጥ ያለ የድንጋይ ደረጃ ደረደረ። አራት መቶ ደረጃ ነበር የሚሉ አሉ፤ ከዚያም ይበልጣል የሚሉ አሉ። የከተማው ሰው ከጥር እስከ ግንቦት ድንጋይ ሲሸከም ከረመ፤ ሲያልቅም እውነትም ያምር ነበር። ሐምሌ ላይ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ ሌላ መሄጃ አጥቶ ደረጃውን እንደ አሸንዳ ይዞ ወረደና ድንጋዩን እየነቀለ ወደ ወንዙ ከተተው። ሁለት በቅሎዎች ሞቱ። የከተማው ሰው ሁሉ የአምስት ወር ልፋቱ ቦይ ሆኖ ሲታይ ራሱን ይዞ ቀረ።

መስከረም እንደ ጠባ ከነጋዴዎቹ አለቃ ከነጋድራሱ ዘንድ መልእክት መጣ። ነጋዴዎቹ ተማርረዋል፤ እስከ ኅዳር ሚካኤል ድረስ የተጫነች በቅሎ ሳታራግፍ ገበያው መሐል መግባት ካልቻለች ገበያው ከሰንበሌጥ ተነሥቶ ወንዙ ማዶ ሜዳው ላይ ይተከላል የሚል ነበር። ገበያው ከተነሣ ከተማው እንደማይኖር የማያውቅ አልነበረም።

ወሬው ከወንዙ ዳር ወዳለው ታች ሰፈርም ወረደ። እዚያ የሚኖሩት ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ እንጉዳይ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ቀጠን ያለች፣ ጥቂት የምትናገር፣ በእጅ ሥራዋ ግን ወደር የሌላት ሴት ነበረች ይባላል። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው እንሥራና ድስት፣ አንዳንዴም ሰው የሚያህል ጋን አዝላ ገበያ ወጥታለች፤ በእነዚያ ዓመታት መጨረሻ ላይ አንድም ዕቃ አይሰበርባትም ነበር። የላይ ሰፈር ሴቶች እንዴት እንደምትወጣ ይገርማቸው ነበር፤ በትልቁ መንገድ ስትሄድ ያያት የለምና።

ምሥጢሩ ይህ ነበር። በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪ ዓይኑ ያርፍብናል ተብሎ ይፈራ ስለነበር፣ በትልቁ መንገድ ላይ ሲገኝ አላፊው ፊቱን ያዞራል፣ ስንቁን በነጠላው ይሸፍናል፤ ክፉው ደግሞ ውሻ ይለቃል። በዚህ ምክንያት የታች ሰፈር ሰዎች ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ የምትሄድ የራሳቸውን መንገድ ፈለጉ። መጀመሪያ ያወጣቻት የእንጉዳይ አማት ነች ይላሉ። እንጉዳይ ግን በየሳምንቱ አሻሻለቻት። ጀርባዋ ላይ ያለው ዕቃ እርስ በርሱ የተጋጨበትን ቦታ ልብ ትልና በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዚያ በፊት ወደ ጎን ትታጠፋለች፤ እግሯ የተንሸራተተበትን ድንጋይ ታዞራለች፤ የያዛትን ሥር ትቆርጣለች። እንዲህ እያለች መንገዷ ዐሥራ ስምንት ዓመት ስትታረም ኖረች። ጸዳሉ ገመዱን በወጠረ ጊዜም ከቁጥቋጦው ውስጥ ሆና አይታው ነበር፤ ክረምት እንደማያልፍ በመጀመሪያው ቀን ብታውቅም የሚጠይቃት ሰው አልነበረም።

የነጋድራሱን መልእክት በሰማች ማግስት ጠዋት አፈር ወደሚቆፈርበት ጉድጓድ ሄደች። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም አያ ደምለው ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ አፈር ያወጣ ነበር።

«ገበያው ሊነሣ ነው አሉ» አለችው።

«ሰምቻለሁ።»

«መንገዳችንን ላሳያቸው ነው፣ አያ።»

ደምለው መቆፈሪያውን አቆመና ቀና ብሎ አያት። «ለምን? ገበያው ማዶ ቢሄድ ለእኛ ይቀርበናል፤ ሜዳ ነው። እነሱ በረሃብ ቢንጫጩ አንቺን ምን አገባሽ?»

እንጉዳይ ይህን ሳታስበው ቀርታ አይደለም፤ ሌሊቱን ስታወጣና ስታወርደው ነው ያደረችው። «ማዶ ብንሄድ ወደ ማዶ የሚወስድ ሌላ ቁጥቋጦ ፈልገን እንደበቃለን» አለች። «እኔ ይህ በቃኝ። በገዛ መንገዴ፣ በፀሐይ፣ ሰው እያየኝ መውጣት አማረኝ።»

«መንገዱን ይወስዱብሻል፣ አንቺን ያባርሩሻል። ያን ጊዜ የምንደበቅበት እንኳ አይኖረንም።»

«ይህማ ሊሆን ይችላል» አለች። ደምለው ወደ ቁፋሮው ተመለሰ፤ ደህና ዋይ እንኳ አላላትም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ገበያው እንደ ተበተነ ባላምባራስ ዘለቀ ሕዝቡን ገበያው ላይ ካለው ሾላ ሥር ሰበሰቡ። ጸዳሉ ቆሞ፣ ድንጋዩን በኖራ ቢያያይዘውና ደረጃውን ቢያሰፋው ከእንግዲህ ጎርፍ እንደማይነቅለው አስረዳ፤ ለዚያ ግን ሁለት ዓመት ይበቃው እንደሆነ ተጠራጠረ። የተሰጣቸው ሁለት ወር ነበር። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ይህን ጊዜ ሸክላ ሠሪዎቹ ከሚቀመጡበት ከዳር አንድ የሴት ድምፅ «በሁለት ወር ይደርሳል» አለ።

ሕዝቡ ዞሮ አያት። ጸዳሉ «አንቺ ሴትዮ፣ መንገድ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ሲል ጠየቃት።

«ሠርቻለሁ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆነኝ።»

ሳቅ ሆነ። ባላምባራስ ግን አልሳቁም፤ «የት ነው ያለው ይህ መንገድ?» አሏት።

«ከዚህ አይታይም፣ ጌታዬ። እንዳይታይ ነው የሠራነው።»

ሳቁ በዚህ ላይ ቆመ። እንጉዳይ ብትቀመጥ መልሳ እንደማትነሣ ስለገባት ቀጠለች። «ነገ ጠዋት እንሥራ ውሃ ሞልታችሁ አሳዝሉኝ። አፉን በቅጠል አልወትፈውም። ከወንዝ እስከዚህ ሾላ እወጣለሁ። ውሃው ያልፈሰሰበት ቦታ ላይ በቅሎ ከነጭነቷ ትወጣለች፤ የፈሰሰበት ቦታ ክፉ ነው፣ ይስተካከላል። እኔን አትመኑ፤ ውሃውን እዩ።»

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰንበሌጥ ውስጥ ቤቱ የቀረ ሰው አልነበረም ይባላል። ግማሹ ወንዙ ዳር ወረደ፣ ግማሹ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያይ ጀመር። እንጉዳይ ከቤቷ የራሷን እንሥራ ይዛ ስትወጣ አያ ደምለውን መንገዱ ላይ ቆሞ አገኘችው። በእጁ አዲስ እንሥራ ይዟል፤ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ ትንሽ ቢነካ ውሃው የሚፈስ ዓይነት። «ያንቺ አንገቱ ረጅም ነው፤ ውሃ ይደብቃል። አታለለች ይሉሻል» አለና አሮጌውን ተቀብሎ አዲሱን ወንዝ ውስጥ ሞላው፤ በገመድ አስሮም ጀርባዋ ላይ ጫነላት። ከዚያ ወደ ኋላ አላለም፤ ከሕዝቡ ጋር ተከተላት።

እንጉዳይ ቁጥቋጦውን ገለጥ አድርጋ ገባች። ከኋላዋ የመጀመሪያው ሰው ጸዳሉ ነበር፤ ዓይኑን ከእንሥራው አፍ ላይ ሳይነቅል፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ እያደነ ይከተላት ነበር። ሃምሳ እርምጃ ሄዱ፤ የለም። መቶ ሄዱ፤ የለም። መንገዱ ወደ ቀኝ ተጓዘና ሰው ሳያስበው ወደ ግራ ታጠፈ፤ ከዚያ የተሰነጠቀ ዓለት ተሻግሮ እንደገና ታጠፈ። የጸዳሉ ፊት እየተለወጠ ሄደ።

«እዚህ ጋ ለምን ዞርሽ? ፊት ለፊቱ ይቀርብሽ አልነበረም?» አላት።

«ክረምት ውሃው በዚያ ነው የሚወርደው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ሁለት ጋን በልቶብኛል።»

ጸዳሉ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ነካው። መንገዱ ወደ ገደሉ በኩል በጣም በጥቂቱ ያዘነብል ነበር፤ ለእግር አይታወቅም፣ ለውሃ ግን ይበቃዋል። ዝናብ መንገዱን ይዞ ከመውረድ ይልቅ አቋርጦት እንዲያልፍ ነው። ግንበኛው እዚያው ተንበርክኮ እንደ መሳቅ አለ ይባላል። ከዚያ በኋላ ጠብታ ማደኑን ተወና ጥያቄ በጥያቄ አደረጋት፤ እሷም ሸክሟን እንዳዘለች እየመለሰች ወጣች። ከኋላ የነበረው ሕዝብ ሊሰማ እየተጋፋ፣ «ምን አለች? ምን አለች?» እየተባባለ ቃሏ ከአፍ ወደ አፍ እስከ ወንዙ ዳር ይወርድ ነበር። ከሩቅ የሚያዩት ደግሞ እንሥራው ቁጥቋጦ ውስጥ ጠፍቶ ከሌላ እጥፋት ላይ ሲወጣ እልል ይሉ ጀመር።

ሁለት ሦስተኛው ካለቀ በኋላ አንድ ገላጣ ዓለት ላይ ደረሱ። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን የግራዝማች አበጋዝ አጥር ነው። እንጉዳይ በዓለቱ ላይ ስትረግጥ ጀርባዋ ዘመም አለና ውሃው ከእንሥራው አፍ ተደፍቶ ልብሷን አራሰው። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ውይ» አለ። እሷ ግን ቆመችና «እዚህ ነው» አለች። «ከሁለት ዓመት በፊት በዚህ አላልፍም ነበር፤ መንገዱ በውስጥ በኩል ነበር። አጥሩ ከታጠረ ወዲህ ነው በዓለቱ የማልፈው።»

ሰው ሁሉ ግራዝማችን አየ። ግራዝማች አበጋዝ ሰፊ ርስት ያላቸው፣ ሰው ፊት መሸነፍ የማይወዱ ሰው ነበሩ። «ርስቴ ነው» አሉ።

እንጉዳይ የቀረውን መንገድ አንድ ጠብታ ሳታፈስ ወጥታ ሾላው ሥር ስትደርስ ጭብጨባውና እልልታው ከወንዙ ማዶ ተሰማ ይባላል። ባላምባራስ እንሥራውን ከጀርባዋ ላይ በገዛ እጃቸው አወረዱላትና «መንገድሽን ወስደናል። ምን ይደረግልሽ?» ሲሉ ጠየቋት። መሬት ትለምናለች፣ ወይም ልብስ ትለምናለች ብለው ሁሉም ጠበቁ።

«ሕግ ይውጣልኝ» አለች። «በዚህ መንገድ ላይ ሸክም ያዘለ ሰው ሲመጣ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሸክም የሌለው ዳር ይያዝለት። በበቅሎ ያለውም ቢሆን ይውረድለት። ያዘለው ማነው፣ ከየት ሰፈር ነው ተብሎ አይጠየቅ።»

ባላምባራስ ጥቂት አሰቡ። ነገሩ የት እንደሚደርስ ገብቷቸዋል፤ ሹማምንቱም እርስ በርስ ተያዩ። ነገር ግን ልብሷ ገና እንደ ራሰ ፊታቸው ቆማ ነበርና «ይሁን» አሉ፤ አዋጁም በዚያው ተነገረ።

የቀረው የግራዝማች አጥር ነበር። ርስት ስለሆነ ምስለኔው አስገድደው ሊያስነሡት አልቻሉም፤ ሽማግሌ ቢልኩም ግራዝማች እንቢ አሉ። በማግስቱ ሰው ዓለቱ አጠገብ ተሰብስቦ ሲመክር ራሳቸው መጡ። «ውሃው የፈሰሰው የሴትዮዋ እግር ስለደከመ ነው» አሉ። «እንሥራውን አምጡልኝ። እኔው አዝዬ አሳያችኋለሁ።»

ወንድ ልጅ፣ ያውም ግራዝማች፣ እንሥራ አዝሎ በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም። አሽከራቸው ሊከለክላቸው ቃጣው፤ ገፉት። ካባቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉና ደምለው በገመድ አሰረላቸው። ግራዝማች ዓለቱ ላይ አንድ እርምጃ ሄዱ፣ ሁለተኛውን ጨመሩ፣ ሦስተኛው ላይ የእንሥራው ውሃ ግማሹ ማጅራታቸው ላይ ወርዶ እስከ ወገባቸው አጠባቸው። አንድም ሰው አልሳቀም። ለመሳቅ የደፈረ አልነበረም።

እንጉዳይ ቀረብ ብላ «ጌታዬ፣ አሁን ደግሞ በውስጥ በኩል ይሂዱበት» አለቻቸው። «ከመፍረድዎ በፊት ሁለቱንም ይዩት።»

ግራዝማች አፍጥጠው አዩዋት። ከዚያ «ሙሉት» አሉ። እንሥራው እንደገና ተሞላ። ግራዝማች የራሳቸውን በር ከፍተው ገቡና ድሮ መንገዱ የነበረበትን፣ አሁን ጤፍ የበቀለበትን ጠርዝ ይዘው በዝግታ ሄዱ። ከአጥሩ ማዶ ሕዝቡ በእሾሁ መሐል እያጮለቀ አብሯቸው ተጓዘ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደው ሲያበቁ ጸዳሉ የእንሥራውን አፍ ተመለከተና «ሞልቷል» አለ። ግራዝማች እንሥራውን አወረዱ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው የራሰ ጀርባቸውን ዳሰሱ፤ ከዚያ የአጥሩን የመጀመሪያ እንጨት ይዘው ነቀሉ። ያን ጊዜ እልልታው ቀለጠ። ያ ቦታ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባ ማርጠቢያ ተባለ፤ ዛሬም ስሙ ይኸው ነው።

ሥራው በሳምንቱ ተጀመረ። እንጉዳይ ባዶ እንሥራ አዝላ ከፊት ትሄዳለች፤ ሁለት ሴቶች በእግሯ ዱካ ላይ አመድ ይነሰንሳሉ፤ ጸዳሉ በአመዱ ግራና ቀኝ ችካል ይተክላል። ለእያንዳንዱ ሰፈር ድርሻ ተሰጠው። የድጋፍ ግንብ የሚሆን ድንጋይ ሲፈለግ ጸዳሉ ማንንም ሳያማክር ወደ ራሱ ደረጃ ሄደና ያልፈረሰውን ማፍረስ ጀመረ። አንዱ ሽማግሌ «አያሳዝንህም?» ቢለው «እዚያ ቆሞ ምን ይሠራል» ብሎ ድንጋዩን አሸከመው ይባላል።

የላይ ሰፈር ሰዎች ከገበያው ወደ ታች፣ የታች ሰፈሮቹ ከወንዙ ወደ ላይ ይቆፍሩ ነበርና ፉክክር ተነሣ። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ሌላኛው ወገን የት እንደ ደረሰ ሳያይ የሚገባ ሰው ጠፋ። መነኮሳት ሳይቀሩ ድንጋይ አቀበሉ። አንድ ቀን የላይ ሰፈር ሴቶች ለቆፋሪዎች ዳቦ ይዘው ሲወርዱ አንደኛዋ ሳታስበው ከራሷ ሰዎች አልፋ ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ደረሰች። መሶቧ እንደ ተከፈተ ነው። ሁሉም ቀና ብለው አዩዋት። ሴትዮዋ ጥቂት ቆማ ዳቦውን ቆርሳ ለደምለው ዘረጋችለት፤ እሱም እጁን በልብሱ ጠርጎ ተቀበላት።

በጥቅምት አጋማሽ ያልታሰበ ከባድ ዝናብ ጣለ። ሰው ልቡ ተሰቀለ፤ የሐምሌው ነገር ትዝ አለውና። መጠለል ሲገባው ሁሉም ከቤቱ እየወጣ ወደ መንገዱ ሮጠ። ጎርፉ ከላይ እየተንደረደረ መጣና የመጀመሪያው እጥፋት ላይ ደረሰ፤ አዲሱን መንገድ አቋረጠና በማዶው ወደ ገደሉ ፈሰሰ። ሁለተኛው ላይ ደረሰ፤ እንዲሁ አቋረጠው። ጸዳሉ በዝናቡ መሐል ቆሞ፣ ውሃ ከባርኔጣው እየተንጠባጠበ፣ «አቋረጠው፣ ይኸው አቋረጠው» እያለ እንደ ሕፃን ይቦርቅ ነበር። እንጉዳይን ሲያያት እጅ ነሣና «እሜቴ፣ ይህን ከእርስዎ ነው የተማርኩት» አላት። እሷን በዚያ ስም የጠራት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ እሷም ውሃው ሲያልፍ ማየቷን ቀጠለች።

የላይኞቹና የታችኞቹ ዶማ የተገናኘው ኅዳር ዐሥር ቀን ነው። በማግስቱ እንጉዳይ እንደገና የደምለውን እንሥራ ሞልታ አዝላ ወጣች፤ ውሃው ሦስት ቦታ ጠብ ቢል በዚያው ቀን ተስተካከለ።

በዚያ ዓመት ኅዳር ሚካኤል ቅዳሜ ዋለ። የነጋድራሱ ሰው፣ ሃያ ስድስት የተጫኑ በቅሎዎች አስከትሎ፣ ራሱ በትልቅ በቅሎ ተቀምጦ ወንዙን ተሻገረ። ባላምባራስና ግራዝማች በበቅሎ ወርደው ተቀበሉት። ጉዞው ተጀመረ፤ በቅሎዎቹ እጥፋት በእጥፋት፣ ጭነታቸው ሳይዛነፍ ይወጡ ጀመር። ሕዝቡ ከላይ ሆኖ ይቆጥር ነበር፤ አሥር አለፉ፣ አሥራ አምስት አለፉ። ጀርባ ማርጠቢያ ላይ ሲደርሱ ግን ከፊት የሚሄደው የነጋድራሱ ሰው ቆመ። ከፊቱ አያ ደምለው ሰው የሚያህል ጋን አዝሎ ይወጣ ነበር፤ ስለ ገበያው ቀን ብሎ በማለዳ ቢነሣም ሸክሙ ከብዶት በዝግታ ነው የሚሄደው።

የነጋድራሱ ሰው «ዞር በል፣ ልለፍ» አለው።

ደምለው ቆመ። ወዴት እንደሚዞር አላወቀም፤ በልማዱ ዓይኑ ቁጥቋጦ ፈለገ። እንጉዳይ ከበላይ እጥፋት ላይ ሆና አየችው። ሁለት ወር ሙሉ የተለፋበት ነገር በዚህች ቅጽበት ሊያበቃ እንደሚችል ገባት፤ ሰውየውን ካስቆጡት ገበያው ይነሣል፣ ደምለው ዳር ከያዘ ደግሞ አዋጁ ከንቱ ይሆናል።

ይህን ጊዜ ግራዝማች አበጋዝ ከበቅሏቸው ወረዱ። ልጓሙን ይዘው ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጡና «ጌታው፣ ይውረዱ» አሉት። «በዚህ መንገድ ሸክም ያዘለ ይቀድማል። ሕጋችን ነው።»

«ሸክላ ሠሪም ቢሆን?»

«ምን እንደ ያዘ እንጂ ማን እንደሆነ አንጠይቅም።»

የነጋድራሱ ሰው ወደ ላይ አየ፤ ከተማው በሙሉ ቁልቁል እያየው ነበር። ወደ ታች አየ፤ ሃያ ስድስት በቅሎዎች ከነጭነታቸው፣ አንድም ሳይወድቅ፣ በእጥፋቶቹ ላይ ቆመዋል። እግሩን ከእርካቡ አውጥቶ ወረደ። ደምለውም ጋኑን አስተካክሎ ከሁሉ ፊት ወጣ፤ ከኋላው ግራዝማቹ፣ ባላምባራሱ፣ የነጋድራሱ ሰውና ሃያ ስድስቱ በቅሎዎች በእሱ እርምጃ ልክ፣ ሳይቀድሙት ተከተሉት። ገበያው መሐል ሲገቡ እንጉዳይ ጋኑን ከጀርባው ላይ ልታወርድለት እጇን ዘረጋች።

«ቆይ እስኪ» አላት ደምለው። «ትንሽ ሰው ይየኝ።»

ገበያው አልተነሣም። በዘመናት ውስጥ ከተማዋ ሰፍታ፣ መንገዶቿም በዝተው ዘጠኝ ደርሰዋል፤ ሁሉም በእንሥራ የተፈተኑ ናቸው ይባላል። ዛሬም በእነዚህ መንገዶች ላይ ሲሚንቶ የተሸከመ ወዛደር ሲመጣ ከንቲባውም ይሁን ፖሊስ ዳር ይይዝለታል፤ ለምን ተብሎ ቢጠየቅ «ሰንበሌጥ ነው» ብሎ የሚያልፍ ይበዛል።

ባለፈው ዓመት ከመናኸሪያው ወደ አዲሱ ጤና ጣቢያ የሚወስድ የእግር መንገድ ተሠራ። ማዘጋጃ ቤቱ የላካት ወጣት መሐንዲስ በመሣሪያ ለክታ፣ በወረቀት ነድፋ፣ ደህና አድርጋ ነበር ያሠራችው። ኅዳር ዐሥራ አንድ ቀን ሽማግሌዎቹ እንሥራ ሞልተው ሲያመጡላት ፈገግ አለችና ለማክበር ያህል ተቀበለቻቸው፤ ራሷም አዘለችው። ሦስት ቦታ ላይ ውሃው ተደፋባት። ጫፍ ስትደርስ ሻሿን ፈትታ እየጨመቀች ወደ ኋላ ዞረች፤ ሦስቱ እርጥብ ቦታዎች ገና ሳይደርቁ በሦስቱም ላይ ሰው ዶማ ይዞ ቆሞ፣ ከየት እንደሚጀምር እንድትነግረው ይጠብቃት ነበር።